ሙክት አልሆን ያሉ አይጦች

በ1979 ዓ.ም. በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ስድስት ነጫጭ አይጦች ደባርቅ እኔ ቤት በእንግድነት ገቡ። ያመጣቻቸው ልጄ ናት።

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን ግን ሳላወራው ብቀር እግዚአብሔር የሚታዘበኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ ጉድ በደህና ያወጣኝ እሱ ነውና። ተመስገን።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ሁለት ቃል። ሙያዬ ሙክት ማድለብ ነው። ባሌ ወደ ሰሜን ተራራ፣ ጨነቅ እስከሚባለው ድረስ፣ በቅሎ እየነዳ አገር ጎብኚ እንግዳ የሚያወጣ ሰው ነበር። ልጃችን ትርንጎ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች አንድ ሳምንት ታመመና ሐኪም ሳያየው ሞተ። ከዚያ ወዲህ እኔንም እሷንም ያኖረን በግ ነው። የተቀጠቀጠ በግ እገዛለሁ፣ ሦስት አራት ወር አስሬ እቀልባለሁ፣ ለፋሲካ አወጣለሁ። ከደባርቅ እስከ ዳባት ገበያ ድረስ «የእሷ ሙክት ነው» ከተባለ ጀርባውን የሚዳስስ ሰው የለም፤ አምኖ ይነዳዋል። በዚህ ጥቂት እኮራለሁ። ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን እንደዚያ ያለ ሙክት እየነዱ በገበያ መሀል ትሑት ሆኖ ማለፍ ከባድ ነው።

ትርንጎ ጎንደር ሕክምና ትማር ነበር። የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርዳ በነጠላ የተሸፈኑ ሁለት የሽቦ ሳጥኖች ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አትጩኺ» አለችኝ ገና ሳትገባ።

እኔ ጮኼ አላውቅም። ነጠላውን ገለጠችው። ጮኽኩ።

እኔ የማውቀው አይጥ ጎተራ ስር የሚኖረውን ነው። ግራጫ ነው፣ ሌባ ነው፣ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ እፍረት አለው ማለት ነው። እነዚህ ግን እንደ አዲስ አቡጀዲ የነጡ፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ሰው ሲያዩ አፍንጫቸውን እያንቀጠቀጡ ይበልጥ የሚጠጉ ናቸው።

«መንገድ ላይ ማንም አልጠየቀሽም?»

«አንድ ፍተሻ ላይ ወታደሩ ገልጦ አየና ቶሎ ብሎ መልሶ ሸፈነው። ‹እለፊ› አለኝ።»

ተቀመጠችና ነገሩን አስረዳችኝ። ተማሪዎቹ በሙሉ ለአሥራ አምስት ቀን እርከን ሊሠሩ ዘመቻ ታዘዋል። አይጦቹን የሚጠብቀው ዘበኛም አብሮ ታዟል። አስተማሪዋም አብሮ ታዟል። የቀሩት አይጦቹ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ለምን ፈትተሽ አትለቂያቸውም?»

«እማዬ! መመረቂያዬ እኮ ናቸው። በእነሱ ላይ ነው የምጽፈው። ከሞቱ ወይ ከተበላሹ ዘንድሮ አልመረቅም። ሌላ አይጥ የሚሰጠኝ የለም።»

ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ምርቃት በስድስት አይጥ ላይ ተንጠለጠለ። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አይጥ። እግዚአብሔር ሲፈትን አቆጣጠር ያውቃል።

ከስድስቱ ሦስቱ የተኮላሹ ናቸው። ጅራታቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ሦስቱ ደግሞ እንደተፈጠሩ ያሉ አውራዎች ናቸው። ያኮላሸቻቸው ራሷ ናት። በእኛ አገር በግ የሚቀጠቅጥ ወንድ ነው፤ ሴት ወደዚያ አትጠጋም። የእኔ ልጅ ግን በምላጭ ቀድዳ፣ አውጥታ፣ በክር ሰፍታዋለች። አንዱን ገልብጣ ስፌቱን አሳየችኝ። እንዲያ ያለ ስፌት ያየሁት ጥልፍ በምትጠልፈው በእህቴ እጅ ነው። እያፈርኩ ደስ አለኝ።

«ታዲያ ተኮላሽተው ምን ሊሆኑ ነው?»

«ከኩላሊት በላይ ቆብ መስላ የተቀመጠች እጢ አለች። አድሬናል ትባላለች። በአይጥ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ውስጧ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው። የተኮላሸ አይጥ እጢ ውስጥ ሕዋሳቱ ይለወጡ እንደሆነ፣ ያብጡ ወይ ይኮማተሩ እንደሆነ፣ ለውጡም በየትኛው ንብርብር እንደሆነ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ካልተኮላሹት ጋር አነጻጽረዋለሁ።»

«የተቆረጠው ከታች፣ የምታይው ከላይ።»

«አዎ።»

«ሌባው ዳባት ሰርቆ ፍተሻው ደባርቅ።»

ሳቀች። «ሰውነት እንደዚያ ነው እማዬ። ዳባት የጠፋው ደባርቅ ይሰማል።»

ኩላሊትን የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱ ካልከፋው እኔም አይከፋኝ ብዬ ሳጥኖቹን ተቀበልኳት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ እጄን ይዛ። «እንዳይደነግጡ። ይህች እጢ የድንጋጤ እጢ ናት። ሰውም ሆነ አይጥ ሲደነግጥ የምትሠራው እሷ ናት። ከደነገጡ ትለወጥና ነገሩ ሁሉ ይደባለቅብኛል።»

«ምግባቸውስ?»

«ከረጢቱ ውስጥ አለልሽ። የሚበቃቸውን ስጫቸው።»

ስለ ምግብ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እንስሳ መቀለብ ለእኔ ማስተማር ነውር መስሏት ይሆናል። በማግስቱ ማልዳ ሄደች።

አሁን እስቲ ይታሰብ። በዚያ ዘመን ሳይደነግጥ የሚያድር ሰው አልነበረም። ወደ ዛሪማ የሚወርዱት የጦር መኪኖች ሲያልፉ ቤቴ ከነምሰሶው ይንቀጠቀጥ ነበር። በር ሲንኳኳ ልብ ይቆማል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማለዳ ሲያንባርቅ በጎቼ እንኳ መመንዠግ ያቆማሉ። ሰው ሁሉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ስድስት አይጥ እንዳይደነግጥ የምጠብቅ እኔ ሆንኩ።

ጠበቅኋቸው። አውራ ዶሮዬን ጎሕ ላይ እንዳይጮህባቸው ማታ ማታ ጎረቤቴ ስመኝ ዘንድ አሳደርኩት። የእሷን ድመት ደግሞ በሯ ላይ እንድታስራት ለመንኳት፤ አሰረቻት። መኪና ሲመጣ ከሩቁ እየሰማሁ ሮጬ የምለብሰውን ባና ሳጥኖቹ ላይ እጥላለሁ። የደባርቅ ብርድ ያለ ባና ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ተንቀጠቀጥኩ፣ እነሱ አልደነገጡም። ጸሎቴን እንኳ በሹክሹክታ አደረግሁ። እግዚአብሔር ጆሮው ደህና ነው።

ምግባቸው የተፈጨ በቆሎና ደረቅ ዓሣ ነበር። ይሸታል። በጾም ወር ከቤቴ ማለዳ የሚበላ እነሱ ብቻ ሆኑ። ነገሩ ቢከብደኝ የንስሐ አባቴን መምሬ አዱኛን ጠየቅኋቸው። መምሬ ቅዳሴ ሲወጡ መንገዳቸው በእኔ ደጅ ነው፤ በየቀኑ ጎራ ብለው እግራቸውን ያሳርፋሉ።

ሳጥኖቹን ጎንበስ ብለው አዩ። «አይጥ ጾም የለበትም» አሉ። «አንቺ እንዳትቀምሺ ብቻ።»

ይህም አለፈ። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሃያ ዓመት ያህል ስሠራው በኖርኩት ሥራ፣ የተቀጠቀጠና ያልተቀጠቀጠ እንስሳ እኩል በልቶ አያውቅም። የተቀጠቀጠው ይደልባል፤ ለዚያ ነው የተቀጠቀጠው። ያልተቀጠቀጠው ወጠጤ ይሮጣል፣ ይዋጋል፣ የበላውን በጉልበት ይጨርሰዋል፤ ለእሱ መቀለብ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ይህን ለእኔ ማንም መንገር አያስፈልገውም። እጄ ራሱ ያውቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ጣሳዬን አንሥቼ ጅራተ ሰማያዊዎቹን አንድ ሙሉ ጣሳ ሰጠኋቸው። አውራዎቹን ግማሽ። ማታም እንዲሁ። አንድም ሐሳብ በልቤ አላለፈም። ልጄ ስትመጣ ሦስት የደለቡ ሙክቶች አግኝታ እጄን ስትስም ታየኝ።

በአምስተኛው ቀን በአውራ ጣቴ ጀርባቸውን ዳሰስኩ። ሰማያዊዎቹ አጥንት ናቸው። አውራዎቹን ዳሰስኩ። ሥጋ ናቸው።

ደግሜ ዳሰስኩ። ያው ነው።

ስመኝ ዶሮዬን ልትመልስ መጥታ ቆማ ታይ ነበር። ጠላ ጠማቂ ናት፤ አፏ እንደ ጌሾዋ ነው።

«አንቺ፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አየዋለሁ።»

«የቱ ነው ሙክቱ?»

በጣቴ አሳየኋት። ከሰማያዊው ወደ አውራው፣ ከአውራው ወደ ሰማያዊው አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«ኧረ በሞቴ! የዳባት ገበያ ይህን ይስማ! የደባርቅ አድላቢ አይጥ አቃታት!»

«ቀስ ብለሽ ሳቂ፤ ይደነግጣሉ።»

«ይደንግጡ እንጂ! እንዲህ ከሚከሱ ደንግጠው ቢሞቱ ይሻላቸው ነበር።»

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለልጄ ብዬ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን የሙያዬ ነገር ነው። ለሰማያዊዎቹ ፋጉሎ፣ ያን ዘይቱ የወጣለትን ኑግ፣ ጨመርኩ። ያ አልበቃ ሲል የተቀቀለ ባቄላ። ያ አልበቃ ሲል ትንሽ ጨው፤ ጨው ውኃ ያስጠጣል፣ ውኃ ሆድ ያሰፋል። በዘጠነኛው ቀን አፍሬ አፍሬ ስመኝ ቤት ሄድኩና አንድ ዋንጫ የጠላ አተላ ለመንኳት። በግ በአተላ እንደሚፈካ የማያውቅ የለም።

«ለእነዚያ ነው?» አለችኝ።

«ለበጎቼ ነው» አልኩ። በጾም ዋሸሁ። ከአይጥ የተነሣ።

ሦስቱ አተላውን ወደዱት። ጨረሱት። ከዚያ አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁና ተኙ። ቀትር ሆነ፣ አልነቁም። ሰዓቱ ገፋ፣ አልነቁም። አንዱን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ የጠላ ቤት ይሸታል። በሳጥኑ ፊት ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ የእኔን ልጅ ስድስት ዓመት በሦስት ሰካራም አታስቀርብኝ» አልኩ። ሊመሽ ሲል አንደኛው ተነሣ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ወደ እኔ አየ፣ መልሶ ተኛ። እኔም ተመስገን ብዬ አተላውን ከነዋንጫው ደጅ ደፋሁት።

በማግስቱ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ባዕድ አይጥ ገብቷል የሚል ወሬ ደርሶታል። ይህ ሊቀመንበር በእኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። በስብሰባ እርስዎ እለዋለሁ፣ በመንገድ አንተ እለዋለሁ፤ ቤቴ ሲገባ የቱን እንደምል ሁልጊዜ እቸገራለሁ። ጠመንጃ የያዘ አንድ አብዮት ጠባቂ ከኋላው ቆሟል።

«እማማ፣ እነዚህ የማን ናቸው?»

«የመንግሥት ናቸው» አልኩ። ተማሪ ቤቱ የመንግሥት ነውና አልዋሸሁም።

ቀበቶውን አጠበቀ። «የመንግሥት ከሆኑ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል።»

«የሚያስፈልጋቸው ጸጥታ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ጅራታቸው የተቀባው ምንድን ናቸው?»

«የተኮላሹ ናቸው።»

«ምን አጥፍተው?»

«ምንም አላጠፉም።»

«ምንም ሳያጠፉ?»

«ምንም ሳያጠፉ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ። አይጡን አየው። አይጡም አየው። ከዚያ ሳይሰናበተኝ ወጣ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ ማጉያው ወደ ገበያው በኩል ዞሯል። ክፉ ልጅ አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የአውራዎቹን ሳጥን ስጠርግ የሽምብራ ገለፈት አገኘሁ። እኔ ቤት በዚያ ሰሞን ሽምብራ አልነበረም። የስመኝ ተንኮል ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ እኔን ለማዋረድ አውራዎቹን በስውር ትቀልባለች። ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ከእህል ጎታው ጀርባ ተቀመጥኩ።

የመጡት መምሬ ናቸው።

ገቡ። «ቤቶች» አሉ። ዝም አልኩ። ግራ ቀኝ አዩና ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ። ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አወጡ።

«ብሉ ልጆቼ» አሉ። «ብሉ፤ እሷ ሳትመጣ።»

«አባ!» ብዬ ተነሣሁ።

አይጦቹ አልደነገጡም። መምሬ ደነገጡ። የሳቸው እጢ ያን ሰዓት ቢታይ ምስር ሳይሆን ሎሚ ያህል ነበር።

«ይፍቱኝ አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምጽዋት» አሉ፣ ቀና ብለው።

«ለአይጥ?»

«ለተበደለ። ለእነዚያ አስበልጠሽ ስትሰጭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አየሁ። እነዚህ ምን በደሉ? ሳይኮላሹ መቅረታቸው ነው ወንጀላቸው?»

«አባ፣ ወጠጤ እኮ አይደልብም።»

«ማን አደለበ? አበላሁ እንጅ።»

«ደግሞ በጾም!»

«ጾመኛው እኔ ነኝ፤ ሽምብራው የእኔ ነው፤ እነሱ ምን አገባቸው?»

ከንስሐ አባት ጋር አይጣሉም። ግን ያን ቀን መስቀላቸውን የተሳለምኩት በችኮላ ነው። በልቤም ደስ ብሎኛል፤ ሰማያዊዎቹ ያልደለቡት በእኔ ስንፍና አይደለም፣ አውራዎቹ ሁለት ቀላቢ ስላላቸው ነው። ዐይኔ እንዲህ ታውሮ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አቧራ የለበሰ መኪና ደጄ ቆመ። ትርንጎ ወረደች፤ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ እጇ በአካፋ ቆስሏል። ከኋላዋ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ወረደ። አስተማሪዋ ዶክተሩ ነው፤ ከዘመቻው ሲመለስ አይጦቹን በዓይኑ አይቶ ሊያልፍ መጥቷል። መምሬም እንደ ልማዳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ዘለግ ላለ ጊዜ አያቸው። አንዱ እጁ ላይ ወጥቶ ጣቱን አሸተተው።

«እናቴ፣ እንዲህ ረግተው አላየኋቸውም። ምን አድርገውላቸው ነው?» አለኝ። ከቦርሳው ትንሽ ሚዛን አወጣና ይመዝናቸው ጀመር። «ግሩም ነው! የስድስቱም ክብደት ተቀራራቢ ነው።»

ትርንጎ ፊቷ በራ። ወደ ጓዳ ጎትታ አቀፈችኝ።

«እማዬ፣ አመሰግናለሁ። ለዓመታት የደከምሽበትን ዛሬ ጨረስሽልኝ።»

«ተይ፣ አላመሰግንሽም በይኝ» አልኳት። «ሰማያዊዎቹን እንዳሰብኩት አላደለብኳቸውም።»

«ምን አልሽ?»

«ደርቤ ደርቤ ሰጠሁ፤ ፋጉሎውንም፣ ባቄላውንም…»

እጇ ከትከሻዬ ወረደ።

«ለእነሱ ብቻ?»

«ሙክቶቹ እነሱ አይደሉም?»

ግድግዳውን ተደገፈች። ያን ፊቷን ያየሁት አባቷ የሞተ ቀን ነው፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም ነበር።

«እማዬ፣ እኩል መብላት ነበረባቸው። ልዩነታቸው መኮላሸታቸው ብቻ እንዲሆን። አሁን እጢያቸው ተለውጦ ቢገኝ ከመኮላሸቱ ይሁን ከፋጉሎው በምን አውቃለሁ?»

የድንጋጤውን በር ስጠብቅ የምግቡን በር ከፍቼ ተኝቼአለሁ።

ከዚያ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ዝም በይ» አለችኝ። «በእግዚአብሔር ዝም በይ። ክብደታቸው አንድ ነው፤ ማንም አያውቅም። ዘንድሮ ልመረቅ።»

ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ስል ኖሬአለሁ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ዝምታ ከእህል በላይ ሰው ያኖር ነበር። ያን ቀን ግን ዝምታው አፌ ውስጥ እንደ ፍም ሆነ። ይህች ልጅ ነገ የሰው ሐኪም ናት። የታመመ ሰው ይዘው በሌሊት ይመጡባታል። በተደበቀ ነገር ትጀምር? ሐኪም ሳያየው የሞተውን ባሌን አሰብኩ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«ዶክተር፣ ለሰማያዊዎቹ አስበልጬ ሰጥቼአለሁ» አልኩ።

ሚዛኑ እጁ ላይ ቆመ።

«ምን ያህል?»

«ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ለአውራዎቹ ግማሽ ግማሽ። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ፋጉሎ በማንኪያ። ከዚያ ባቄላ። ከዚያ ጨው።»

«ጻፊ» አለ ለትርንጎ። ደብተሯን አውጥታ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሌላስ?»

«በዘጠነኛው ቀን አተላ።»

ብዕሯ ቆመ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ጠጡት?»

«ሰከሩ።»

ይህን ጊዜ መምሬ ከመደቡ ተነሡ። መቋሚያቸውን ይዘው ቀጥ አሉ።

«እኔም አለሁበት» አሉ። «ለአውራዎቹ በየቀኑ አንድ እፍኝ ሽምብራ ሰጥቻለሁ። እሑድ እሑድ ሁለት እፍኝ። እሷ አታውቅም ነበር።»

ለሠላሳ ዓመት ኃጢአቴን የነገርኩት ለእሳቸው ነው። የንስሐ አባቴ ሲናዘዙ የሰማሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሩ እኔን አየ፣ መምሬን አየ፣ አይጦቹን አየ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የደባርቅ ብርድ ገባበት ብዬ ባናዬን ላነሣ ስል መሳቁ መሆኑን አየሁ። ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚስቀው፤ እንዳይደነግጡ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ፊቱ ቁም ነገር ሆነ።

«ትርንጎ፣ አንቺስ ይህን ታውቂ ነበር?»

ልጄ ቀና አለች።

«አሁን ጓዳ ነገረችኝ» አለች። «ዝም በይ አልኳት።»

ተመስገን አልኩ በልቤ። አንድ አይጥ ሳይሞት እሷ ዳነች።

«ይህም በደብተሩ ይግባ» አለ ዶክተሩ። ቀጥሎ በጣቱ ሳምንት ቆጠረ። «ጽሑፉ የሚገባው ሰኔ ነው። ከነገ ጀምሮ ስድስት ሳምንት እኩል ከበሉ ይደርሳል። የሆነው ሁሉ ሳይቀነስ ይጻፍ፤ ፋጉሎውም፣ ሽምብራውም፣ አተላውም። የተደበቀ ከሌለበት እቀበለዋለሁ። ስድስቱ ሳምንት ከተበላሸ ግን ሌላ ዕድል የለም፤ ለከርሞ ነው። ጥያቄው የት ይቀመጡ ነው። ዘበኛችን ገና አልተመለሰም። መንገዱም ያስደነግጣቸዋል።»

አንድ አይጥ አስነጠሰ።

«እዚህ ለምደዋል» አልኩ።

ዶክተሩ ዘለግ ላለ ጊዜ አየኝ። «እናቴ፣ እኩል።»

«እኩል።»

«ሙክት አይደሉም።»

«አይደሉም።»

«ደግሞም ይወቁት፤ የተኮላሸ አይጥ ቢቀልቡት ከአውራው አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። የበግ ሕግ በአይጥ አይሠራም።»

«ዶክተር፣ ይህችን ቃል ጎረቤቴ ስመኝ ቤት ገብተው አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኩት። እንደ ቀልድ ቆጠረው። ቀልድ አልነበረም።

ሳይመሽ መሄድ ነበረባቸው። ትርንጎ ከመሄዷ በፊት ወረቀት ቀድዳ በትልቁ «እኩል» ብላ ጻፈችና ሳጥኖቹ መሀል ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያቺን ቃል በየስብሰባው ስሰማት ኖሬአለሁ። እጅ የምታስር መሆኗን ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው።

መኪናው ሊነሣ ሲል ልጄ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«እማዬ፣ አንቺ ዝም የምትይ ሰው አልነበርሽም እንዴ?»

«ነበርኩ» አልኳት።

ያን ጊዜ ፈገግ አለች። ሄዱ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ጸሎቴን አደረስኩ። ጣሳውን ሞላሁና አፉን በእንጨት ጠረግሁት፤ ከአፉ በላይ አንድ ፍሬ እንኳ አልተረፈም። ግማሹን ለአውራዎቹ፣ ግማሹን ለሰማያዊዎቹ ሰጠሁ። እጄ ወደ ከረጢቱ ተመለሰች። ወረቀቱን አየሁት። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳት።

በሩን ስከፍት መምሬ ወደ ኪዳን ጸሎት ሲሄዱ ደጄ ላይ ደርሰዋል።

«ይፍቱኝ አባ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፣ መስቀላቸውን ዘርግተው። ተሳለምኩ። ከዚያ ከበሩ አልተነሣሁም። መዳፌን ዘረጋሁ።

እጄን አዩ። እኔን አዩ። ሰማይ አዩ። ቀስ ብለው ኪሳቸው ገቡና አንድ እፍኝ ሽምብራ መዳፌ ላይ አፈሰሱት።

ወደ በጎቼ ወሰድኩና በተንኩላቸው።